የአንጎል ዕጢ፦ ከሐረር ለሚነሳ ታካሚ

አንድ ጎልማሳ ሐረር ፈረስ መጋላ መሐል ድንገት ወድቆ ቢንፈራገጥ ክብሪት የሚጭርለት፣ ጠበል የሚረጭለት፣ ቁርኣን የሚቀራለት አይጠፋም። ጸሎቱም ዱዓውም ይቀጥል። ከዚህ በፊት ጥሎት የማያውቅ ሰው በጎልማሳነቱ ከጣለው ግን ጭንቅላቱን መመርመር አለበት፤ ከመንስኤዎቹ አንዱ የአንጎል ዕጢ ነውና።

የራስ ቅል ስለማይለጠጥ በውስጡ የሚያድግ ዕጢ አንጎልን ይጫናል፤ በዚህ የተነሳ ካንሰር ያልሆነውም ሊገድል ይችላል። ጠዋት ጠዋት የሚብስና ዕለት ዕለት የሚጨምር ራስ ምታት፣ ትውከት፣ የዓይን ብዥታ፣ የአንድ ጎን መዛልና የጠባይ መለወጥ ዋና ዋና ምልክቶቹ ናቸው። አብዛኛው ራስ ምታት ግን ከዕጢ አይመጣም።

ዕጢ ሁሉ አንድ አይደለም። ሜኒንጂዮማ ከአንጎል ሽፋን ይነሳል፣ ብዙውን ጊዜ ቀስ ብሎ ያድጋል፣ ሙሉ በሙሉ ከወጣም ብዙዎች ይድናሉ። የፒቱታሪ ዕጢ በአብዛኛው የሚወጣው ጭንቅላት ሳይከፈት በአፍንጫ በኩል ነው። ግሊዮብላስቶማ ግን 4ኛው፣ የመጨረሻው ደረጃ ነው፤ ቀዶ ጥገና፣ ጨረርና ቴሞዞሎማይድ የተባለው መድኃኒት ዕድሜ ያራዝማሉ እንጂ እምብዛም አያድኑም። ከጡት ወይም ከሳንባ ተነስቶ ወደ አንጎል የሚዛመትም አለ።

የሲቲ ስካን ወይም የኤምአርአይ ፊልም ዕጢው የት እንዳለ ያሳያል፤ ምንነቱን የሚለየው ግን የናሙና ምርመራ ነው። በቲቢ ምክንያት አንጎል ውስጥ የሚፈጠር እብጠት ፊልም ላይ ዕጢ መስሎ ይታያል፤ መድኃኒቱ ግን የቲቢ ክኒን ነው።

ሐረር ላይ መነሻው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ የሆነው ሕይወት ፋና ሆስፒታል ነው። ሪፈር ከተጻፈ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል መድረስ ሊያስፈልግ ይችላል። ሆስፒታሉን የሚያስተዳድረው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌዩ በርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር እ.ኤ.አ. በ2006 የነርቭ ቀዶ ሐኪሞችን ማሠልጠን ጀምሯል።

መንገደኛው ፊልሙን ሳያጥፍ፣ ከነሲዲውና ከሐኪሙ የጽሑፍ ውጤት ጋር ይያዝ። ሲደርስም ይጠይቅ፦ ዕጢው የት ነው? ዓይነቱና ደረጃው ምንድን ነው? ምን ያህሉ ሊወጣ ይችላል? ጨረር ያስፈልጋል?

ዴክሳሜታዞን ከታዘዘለት ደግሞ ይህን ይወቅ፦ ክኒኑ በዕጢው ዙሪያ ያለውን እብጠት ይቀንሳል እንጂ ዕጢውን አያጠፋም። ራስ ምታቱ ጋብ ሲል «ድኛለሁ» ብሎ ከቀጠሮ መቅረትም ሆነ ክኒኑን በድንገት ማቋረጥ አደገኛ ነው።