ከምድጃ የተነሣ እሳት ቤትዎን ከጎዳ

በሰቆጣ ዙሪያና በዋግ ኽምራ ደጋማ ቀበሌዎች የድንጋይ ግድግዳና የሣር ክዳን ባላቸው የገጠር ቤቶች ውስጥ ብዙውን ጊዜ ጭስ ማውጫ ስለማይኖር፣ የምድጃው ጭስ በክዳኑ በኩል ሾልኮ ይወጣል። በጊዜ ብዛት በክዳኑ ላይ የሚከማቸው ጥቀርሻ ራሱ ተቀጣጣይ በመሆኑ አንዲት ፍንጣሪ ለቃጠሎ ትበቃለች።

እሳቱ የጠፋ ቢመስልም ፍሙ በሣሩ ውስጥ ለሰዓታት ተዳፍኖ ሊቆይ ይችላል፤ ስለዚህ የተረፈውን ክዳን ገልጦ ውኃ ማርከፍከፍና ሌሊቱን በተራ መጠበቅ ያስፈልጋል። በጭቃ የተገነባ የድንጋይ ግድግዳ በሙቀትና በውኃ ስለሚላላ፣ ከተሰነጠቀ ወይም ካዘመመ ግንበኛ ሳያየው በውስጥ የቀረ እህል ለማውጣት እንኳ መግባት አይገባም።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ፍርስራሹ ከመነሣቱ በፊት ጉዳቱን ማስመዝገብ ነው። ጎረቤት ለማገዝ ፈጥኖ ሲያጸዳ ማስረጃውም አብሮ ይጠረጋል። በመሆኑም ለቀበሌ አስተዳደሩ ወዲያውኑ ያመልክቱ፤ ከተቻለ በስልክ ፎቶግራፍ ያንሡ፤ የወደመውን እህል፣ እንስሳትና የቤት ዕቃ በዓይነትና በመጠን ዘርዝረው የአካባቢ ምስክሮችን ያስፈርሙ። የመሬት ይዞታ ደብተርዎ ተቃጥሎ ከሆነ የይዞታ መብትዎ አብሮ አልጠፋም፤ ይዞታው በወረዳው የመሬት መዝገብ ላይ የሰፈረ በመሆኑ፣ የቀበሌውን ማስረጃ ይዘው ምትክ ደብተር መጠየቅ ይችላሉ።