ጥምር የሕመም ማስታገሻ፦ ከመድኃኒት፣ ከምግብና ከበሽታ ጋር የማይስማማው መቼ ነው?

ጥምር ማስታገሻ በአንድ ክኒን ውስጥ ሁለት መድኃኒት ይይዛል፦ ፓራሲታሞል ከኢቡፕሮፌን ወይም ከዳይክሎፌናክ ጋር። ስለዚህ ክኒኑን ከመዋጥዎ በፊት ሁለቱም እንደሚስማሙዎት ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ትኩሳት ካለዎት

እንደ ጀልዴሳ ባሉ የድሬዳዋ ቆላማ አካባቢዎች ትኩሳትና ቁርጥማት ሁሉ ወባ አይደለም። በድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ2013 ዴንጊ፣ በ2019 ደግሞ ቺኩንጉንያ በወረርሽኝ መልክ ተከስተዋል። ሁለቱም በትንኝ የሚተላለፉና በምልክት የሚመሳሰሉ ናቸው።

ዴንጊ ደም እንዲረጋ የሚያደርጉትን ፕላትሌቶች ቁጥር ይቀንሳል። ኢቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክና አስፕሪን ደግሞ የፕላትሌቶችን ሥራ ያውካሉ፤ ጨጓራንም ያቆስላሉ። ሁለቱ ሲደራረቡ የመድማት አደጋ ይጨምራል። ስለዚህ ዴንጊ አለመሆኑ እስኪረጋገጥ ፓራሲታሞል ብቻውን ይውሰዱ፤ ፈሳሽም በብዛት ይጠጡ።

ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር

- ሌላ ፓራሲታሞል፦ ብዙ የጉንፋን መድኃኒቶች ፓራሲታሞል አላቸው። ጤናማ አዋቂ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም (ባለ 500 ሚሊግራም 8 ክኒን) ማለፍ የለበትም። ከዚያ በላይ ጉበትን ይጎዳል።
- ዋርፋሪንና አስፕሪን፦ የመድማት አደጋን ይጨምራሉ።
- የደም ግፊት መድኃኒቶች፦ እንደ ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ካሉት ጋር ሲወሰድ ግፊቱ አልቆጣጠር ሊል፣ ኩላሊትም ሊጎዳ ይችላል።
- ፕሬድኒሶሎን፦ የጨጓራ ቁስለት አደጋን ይጨምራል።
- የቲቢ መድኃኒቶች፦ አይሶናያዚድና ሪፋምፒሲን ራሳቸው ጉበትን ሊጎዱ ስለሚችሉ ፓራሲታሞል ሲጨመር ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

ከምግብና ከመጠጥ ጋር

ክኒኑን ከምግብ በኋላ፣ በበቂ ውኃ ይውሰዱ። አልኮል ከፓራሲታሞል ጋር ጉበትን፣ ከኢቡፕሮፌን ጋር ጨጓራን ይጎዳል። ጫት የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፤ የደም ግፊትንም ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ ቅሞ በባዶ ሆድ ማስታገሻ መዋጥ ጨጓራንም ግፊትንም ያስቸግራል። በሙቀት፣ በተቅማጥ ወይም በትውከት ሰውነትዎ ፈሳሽ ካጣ ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ኩላሊትን በቀላሉ ይጎዳሉ።

ሐኪም ሳያማክሩ መውሰድ የሌለባቸው

- የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት፣ የጉበት ወይም የልብ ሕመም ያለባቸው
- በማስታገሻ የሚነሳ አስም ያለባቸው
- ነፍሰ ጡሮች፣ በተለይ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ

በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ

ከባድ የሆድ ሕመም፣ የማያቋርጥ ትውከት፣ የድድ ወይም የአፍንጫ መድማት፣ ጥቁር ሰገራ፣ የሽንት መቀነስ፣ ከፍተኛ ድካም ወይም መቅበጥበጥ ካዩ አይዘግዩ። በዴንጊ እነዚህ ምልክቶች ብዙውን ጊዜ የሚመጡት ትኩሳቱ ሲበርድ ነውና ቤተሰብ “ተሻለው” ብሎ መዘናጋት የለበትም። ሲሄዱ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ከነማሸጊያቸው ይዘው ይሂዱ።