ከመንገድ ወደ መም፦ የስፖርት መኪና ከፈረስ ጉልበት በፊት ምን ይሻል?

በጀርመን አገር፣ በአይፍል ኮረብታዎች መካከል የሚገኘው ኑርበርግሪንግ የተባለው የመኪና መወዳደሪያ እ.ኤ.አ. በ1927 ተመርቆ ሥራ ጀመረ። ኖርድሽላይፈ የሚባለው ሰሜናዊ ክፍሉ 20.8 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ሲሆን፣ በከፍተኛውና በዝቅተኛው ቦታው መካከል 300 ሜትር ያህል የከፍታ ልዩነት አለ። ውድድርና ሙከራ በማይካሄድባቸው በተወሰኑ ሰዓቶች፣ ማንኛውም መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ታርጋ የለጠፈ መኪናውን ይዞ፣ ክፍያ ከፍሎና የትራፊክ ሕግ ጠብቆ ሊነዳበት ይችላል። ከዚህም የተነሣ ሰኞ ወደ ሥራ የሚኬድበት መኪና እሑድ በዚህ መም ላይ ሲከንፍ ይታያል።

ይሁን እንጂ በአውራ ጎዳና ላይ ምንም እንከን ያልታየበት መኪና፣ በመም ላይ ጥቂት ደቂቃዎች ከተነዳ በኋላ የፍሬኑ ፔዳል ሊሰምጥ፣ ጎማው ሊንሸራተት፣ የሞተሩም ዘይት ግፊቱን ሊያጣ ይችላል። የመንገድ መኪናን ለመም ማዘጋጀት ሲታሰብ ብዙ ወጣቶች በቅድሚያ የሚያልሙት የሞተሩን ጉልበት ስለመጨመር ነው። ይህ ጽሑፍ ቅደም ተከተሉ ለምን የተገላቢጦሽ መሆን እንዳለበት በመሠረታዊ የፊዚክስ ሕግጋት ለማሳየት ይሞክራል።

ለምሳሌ የምንወስደው መኪና ማዝዳ ኤም ኤክስ-5 ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ለሕዝብ የቀረበው ይህ ባለ ሁለት መቀመጫ የስፖርት መኪና፣ እ.ኤ.አ. በ2016 አንድ ሚሊዮንኛው የተመረተለት ሲሆን፣ በልዩ ልዩ አገሮች የመም ነጂዎች ዘንድ በእጅጉ የተለመደ ነው። የመጀመሪያው ትውልድ 1.6 ሊትር ሞተር 115 ያህል የፈረስ ጉልበት፣ ማለትም 85 ኪሎ ዋት ገደማ ያመነጫል። መኪናውን ከነነጂው 1,100 ኪሎ ግራም ነው ብለን እንነሣ።

ፍሬን ከሞተር ሲበልጥ

መኪናው በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ ቆይቶ፣ ከፊቱ ላለው ጠመዝማዛ ፍጥነቱን ወደ 60 ኪሎ ሜትር መቀነስ አለበት እንበል። የእንቅስቃሴ ኢነርጂ የክብደት መጠኑ ግማሽ በፍጥነቱ ካሬ ተባዝቶ የሚገኝ መሆኑን ከትምህርት ቤት እናስታውሳለን። 160 ኪሎ ሜትር በሰዓት ማለት 44.4 ሜትር በሰከንድ፣ 60 ኪሎ ሜትር በሰዓት ማለት ደግሞ 16.7 ሜትር በሰከንድ ነው። ስሌቱን ብንሠራ፣ መኪናው ሊያስወግደው የሚገባው ኢነርጂ 930,000 ጁል ገደማ ሆኖ እናገኘዋለን። ጎማዎቹ የስበት አክስለሬሽንን 0.9 እጥፍ ያህል መቋቋም ከቻሉ፣ ይህ ሁሉ የሚፈጸመው በሦስት ሰከንድ ከጥቂት ውስጥ ነው። ኢነርጂውን ለጊዜው ብናካፍል 300 ኪሎ ዋት ያህል ይመጣል።

እንግዲህ ልብ እንበል፤ ሞተሩ 85 ኪሎ ዋት ሲያመነጭ፣ ፍሬኑ በእነዚያ ጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ከሦስት እጥፍ በላይ የሆነ ሥራ ይሠራል። ይህ ኢነርጂ አይጠፋም፤ በሰበቃ አማካይነት ወደ ሙቀት ይለወጣል እንጂ። መኪናው ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚያዘነብል፣ ከሙቀቱ 70 በመቶ ያህሉን የሚሸከሙት የፊተኞቹ ሁለት ዲስኮች ናቸው። እያንዳንዱ ዲስክ 4 ኪሎ ግራም የሚመዝን ብረት ቢሆንና ለመቀዝቀዝ ጊዜ ባያገኝ፣ በአንድ ጊዜ ፍሬን ብቻ ሙቀቱ ከ170 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይጨምራል። በከተማ መንገድ ላይ ከዚህ በኋላ ዲስኩ ረዘም ያለ ማቀዝቀዣ ጊዜ ያገኛል። በመም ላይ ግን የሚቀጥለው ጠመዝማዛ ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ ይጠብቀዋል።

ይህ ክሥተት ለአገራችን አሽከርካሪዎችም እንግዳ አይደለም። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርድ የከባድ መኪና ሾፌር ማርሽ ቀንሶ፣ መኪናውን በሞተሩ እየያዘ የሚወርደው ለዚሁ ነው። ከ1,000 ሜትር በላይ የሆነውን ቁልቁለት በፍሬን ብቻ ልውረድ ቢል፣ የከፍታው ኢነርጂ በሙሉ ወደ ሙቀት ተለውጦ ፍሬኑን ያሳጣዋል።

የሚፈላው ዘይት

የፍሬን ሸራ ከመጠን በላይ ሲግል የሰበቃ አቅሙ ይቀንሳል፤ ነጂው ፔዳሉን አጥብቆ ቢረግጥም መኪናው እንደ ቀድሞው አይቆምለትም። ከዚህ የሚከፋው ግን የፍሬን ዘይት መፍላት ነው። ፈሳሽ በቀላሉ ስለማይታመቅ የእግራችንን ግፊት በሙሉ ወደ ጎማዎቹ ያደርሳል። ዘይቱ ፈልቶ እንፋሎት ሲፈጠር ግን፣ ጋዝ የሚታመቅ በመሆኑ፣ ፔዳሉ ያለ አንዳች ተቃውሞ እስከ ወለሉ ይሰምጣል።

የተለመደው ዶት 4 የተባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ የመፍያ ነጥቡ ቢያንስ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ መሆን አለበት። ዘይቱ ግን ከአየር እርጥበት የመምጠጥ ጠባይ አለው። 3.7 በመቶ ያህል ውኃ ከያዘ በኋላ ደረጃው የሚጠይቀው 155 ዲግሪ ብቻ ነው። ስለዚህ ለመም ከሚደረጉ ለውጦች ሁሉ ቀዳሚው፣ ርካሹም፣ አሮጌውን የፍሬን ዘይት አስወግዶ ከፍተኛ የመፍያ ነጥብ ባለው አዲስ ዘይት መተካት ነው። ቀጥሎም ከፍ ያለ ሙቀት የሚቋቋም የፍሬን ሸራና ወደ ዲስኩ ቀዝቃዛ አየር የሚያደርስ ቱቦ ይከተላሉ።

አራት መዳፎች

መኪና ከምድር ጋር የሚገናኘው እያንዳንዳቸው የሰው መዳፍ በሚያህሉ አራት ቦታዎች ብቻ ነው። መፍጠን፣ መቆምና መዞር የሚቻለው እነዚህ ቦታዎች በሚሰጡት ሰበቃ ነው። ለምሳሌ ያህል 60 ሜትር ሬዲየስ ባለው ጠመዝማዛ ላይ፣ የሰበቃው መጠን 0.9 ቢሆን መኪናው ሳይንሸራተት የሚዞርበት ከፍተኛ ፍጥነት በሰዓት 83 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በተሻለ ጎማ የሰበቃው መጠን 1.1 ቢደርስ ፍጥነቱ ወደ 92 ኪሎ ሜትር ያድጋል። በዚህ ቀመር ውስጥ የሞተሩ ጉልበት ፈጽሞ አይገባም።

ጎማው ይህን አቅሙን ለመዞርና ለመቆም ያከፋፍላል። አከፋፈሉም የፓይታጎረስን ሕግ የተከተለ ነው ለማለት ይቻላል፤ ከአቅሙ 60 በመቶውን ለፍሬን ቢጠቀም ለመዞር 80 በመቶ ይቀረዋል። መቶ በመቶውን ለፍሬን ካዋለ ግን መሪው ቢዞርም መኪናው ቀጥ ብሎ ይሄዳል።

መኪናው ሲዞር ክብደቱ ከውስጥ ጎማዎች ወደ ውጭ ጎማዎች ይሸጋገራል። የክብደት ማዕከሉ ከምድር 45 ሳንቲ ሜትር፣ የግራና የቀኝ ጎማዎች ርቀት 1.4 ሜትር ቢሆን፣ በምሳሌአችን መኪና ላይ የሚሸጋገረው ከ300 ኪሎ ግራም ክብደት በላይ ነው። ጎማ ደግሞ ጭነቱ በእጥፍ ሲጨምር ሰበቃው በእጥፍ አይጨምርም፤ ከዚያ ያንሳል። ስለሆነም መኪናውን ዝቅ ማድረግ የሚጠቅመው ለመልክ ሳይሆን ይህን ሽግግር ለመቀነስ ነው። ጠንከር ያለ ሞላና አሞርቲዛተር መኪናው እንዳያጋድል ያግዛል፤ የጎማዎቹን አናት በጥቂት ዲግሪዎች ወደ ውስጥ ማዘንበል ደግሞ በጠመዝማዛው ላይ የውጩ ጎማ ሙሉ ገጹ አስፋልቱን እንዲይዝ ያደርገዋል።

የጎማ ነፋስም የራሱ ስሌት አለው። በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ 2 ባር የተነፋ ጎማ 80 ዲግሪ ቢደርስ፣ በጋዞች ሕግ መሠረት ግፊቱ ወደ 2.6 ባር ይጠጋል። ከመጠን በላይ የተነፋ ጎማ መሐሉ ስለሚያብጥ መዳፉ ይጠባል። ልምድ ያላቸው ነጂዎች ነፋሱን ከመም እንደወጡ፣ ጎማው እንደጋለ የሚለኩት ስለዚህ ነው።

የሚያዘነብለው የሞተር ዘይት

በ0.9 የስበት እጥፍ በሚዞር መኪና ውስጥ፣ ከሞተሩ ሥር ባለው መያዣ ያለው ዘይት ገጹ 42 ዲግሪ ያህል ያዘነብላል። በዚህ ጊዜ ዘይቱን የሚስበው ፓምፕ ከዘይት ይልቅ አየር ሊስብ ይችላል። የክራንክ ሻፍቱ ኩሽኔታዎች በስሱ የዘይት ሽፋን ላይ የሚንሳፈፉ እንደመሆናቸው፣ የጥቂት ሰከንዶች የዘይት መቋረጥ ሞተሩን ለዘለቄታው ሊያበላሸው ይችላል። መፍትሔው የዘይቱን ልክ ሁልጊዜ መጠበቅና፣ እንደ አስፈላጊነቱ፣ በመያዣው ውስጥ ዘይቱ ወደ ጎን እንዳይሸሽ የሚከላከሉ ግድግዳዎችን ማስገባት ነው። የራዲያተሩ ጤንነትም አብሮ ይታያል።

ትርፍና ኪሳራው

እስካሁን ያየናቸው ለውጦች ሁሉ ዋጋ ያስከፍላሉ። ለመም የተሠራ የፍሬን ሸራ ሳይሞቅ በደንብ አይዝም፤ በብርድ ማለዳ በከተማ መንገድ ላይ ድንገት ሕፃን ቢሻገር ከተራው ሸራ ይልቅ ዘግይቶ ሊያቆም ይችላል። ጥርሱ ጥልቀት የሌለው የመም ጎማ በዝናብ ጊዜ ውኃውን ስለማያስወግድ መኪናውን በውኃ ላይ ያንሳፍፈዋል። በጣም የጠነከረ ሞላ በተቦረቦረ አስፋልት ላይ ጎማውን ያዘልለዋል፤ አየር ላይ ያለ ጎማ ደግሞ አይቆምም፣ አይዞርምም። ሰውነትን ከመቀመጫ ጋር አጥብቆ የሚይዘው የውድድር ቀበቶ እንኳ፣ ጣሪያውን የሚደግፍ የብረት ቅስት ከሌለ፣ መኪናው ሲገለበጥ ነጂው ጎንበስ እንዳይል በማድረግ ራሱ አደጋ ይሆናል።

አሁን ወደ ተነሣንበት የሞተር ጉልበት እንመለስ። ጉልበት ተጨምሮ መኪናው ከዚያው ጠመዝማዛ በ160 ፈንታ በ180 ኪሎ ሜትር ቢደርስ፣ ፍጥነቱ ያደገው በስምንተኛ እጅ ብቻ ነው። ፍሬኑ ሊያስወግደው የሚገባው ሙቀት ግን 30 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ከዚህ የምንረዳው ለሞተሩ የሚታከለው ጉልበት ሁሉ በመጨረሻ የፍሬን፣ የጎማና የዘይት ዕዳ መሆኑን ነው። ስለዚህ ዕዳው ከመገባቱ በፊት ከፋዮቹ ይዘጋጁ፤ በመጀመሪያ የመኪናው ጤንነት፣ ቀጥሎ ፍሬን፣ ከዚያም ጎማ፣ ማቀዝቀዣና ሞላ፣ ሞተር በስተመጨረሻ ይሁን። ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው ግን ይህን ስሌት የሚያውቅ ነጂ ነው፤ እርሱም የመምን ፍጥነት ለመም ትቶ ወደ ከተማ የሚመለስ ሰው ነው።