የጨረቃ ግርዶሽ ከአዳማ ሲታይ

የጨረቃ ግርዶሽ ውድ መሣሪያ ሳያስፈልግ በዓይንና በሰዓት ብቻ ሊመረመር የሚችል ትምህርት ነው። እሑድ ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ የሆነው ሙሉ ግርዶሽ ጥሩ ምሳሌ ስለሆነ፤ በእርሱ እየተመራሁ ነገሩን ባጭሩ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ግርዶሽ የሚሆነው ምድር በፀሐይና በጨረቃ መካከል ገብታ ጥላዋ በጨረቃ ላይ ሲያርፍ ነው። ስለዚህ ጨረቃ ሙሉ በሆነችበት ሌሊት ብቻ ይሆናል። ታዲያ በየወሩ የማይሆነው ስለ ምንድን ነው ቢባል፤ የጨረቃ መንገድ 5 ዲግሪ ያህል ዘንበል ያለ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከጥላው በላይ ወይም በታች ታልፋለች። ምድርን 8 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ብርቱካን፤ ጨረቃን 2 ሳንቲ ሜትር ያላት ብይ ብናደርጋቸው፤ በመካከላቸው 2 ሜትር ከ40 ርቀት ሊኖር ይገባል። በዚህ ርቀት የብርቱካኑ ጥላ ብይዋን በቀላሉ እንደሚስታት ማንም ሞክሮ ሊያየው ይችላል።

ጨረቃ በጥላው ውስጥ ፈጽማ አለመጥፋቷና መቅላቷ ብዙዎችን ያስደንቃል። ምክንያቱም ጀንበር ስትጠልቅ የምናየው ቀይ ብርሃን በምድር ዙሪያ ባለው አየር በኩል ጎብጦ ወደ ጨረቃ ይደርሳል። አየሩ ከጎደፈ ግን ብርሃኑ ያንሳል። በፊሊፒንስ የፒናቱቦ እሳተ ገሞራ በ1983 ዓ.ም. ከፈነዳ በኋላ፤ በ1985 ዓ.ም. የሆነው ግርዶሽ እጅግ ጠቁሮ ታይቷል።

አሁን ወደ ሒሳቡ ልግባ። በጳጉሜን 2 ምሽት ጥላው ጨረቃን መንካት የጀመረው በ1 ሰዓት ከ27 ደቂቃ ነው። በ2 ሰዓት ተኩል ሙሉ በሙሉ ተሸፈነች፤ በ3 ሰዓት ከ52 ደቂቃ ጠርዟ ከጥላው መውጣት ጀመረ። እንግዲህ ጨረቃ የራሷን ስፋት ያህል ለመጓዝ 63 ደቂቃ፤ ጥላውን ለማቋረጥ 145 ደቂቃ ፈጅቶባታል። 145 ለ63 ሲካፈል 2.3 ይሆናል። የምድር ጥላ እየራቀ ሲሄድ ይጠባል፤ ጨረቃ ዘንድ ሲደርስ የጠበበው አንድ የጨረቃ ስፋት ያህል ስለሆነ 1 ብንጨምርበት 3.3 እናገኛለን። እውነተኛው የምድር ስፋት ከጨረቃ 3.7 እጥፍ ያህል ነው። ልዩነቱ የመጣው ጨረቃ በጥላው መካከል ሳይሆን ፈቀቅ ብላ በማለፏ ነው። በዚህ ዓይነት መንገድ የጥንቱ ግሪካዊ አርስጥሮኮስ ከ2200 ዓመት በፊት ተመራምሯል።

የተከበራችሁ ወላጆች ልጆቻችሁን ስለ ዓይናቸው ብላችሁ ከቤት እንዳታስቀሩ እለምናለሁ። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላሊበላ እንደ ቀለበት የታየው የፀሐይ ግርዶሽ ነበርና ዓይንን ይጎዳ ነበር፤ የጨረቃው ግን ምንም አይጎዳም።

ጳጉሜን ክረምቱ ጨርሶ ያልወጣበት ጊዜ ስለሆነ ደመና ያስቸግራል። ከአገራችን የሚታየው ቀጣዩ ሙሉ ግርዶሽ ግን በበጋ፤ ታኅሣሥ 22 ቀን 2021 ዓ.ም. ይሆናል። ጨረቃ ስትወጣ ጥላው ጠርዟን ነክቶ ይቆያታል፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት ከሩብ ገደማ እስከ 2 ሰዓት ተኩል ገደማም ሙሉ በሙሉ ትሸፈናለች። ከአዳማ ሆነን በቦሰት ተራራና በወለንጪቲ አቅጣጫ መካከል እናያታለን። ዝቅ ብላ ስለምትገኝ ምሥራቁ ያልተጋረደ፤ የመንገድ መብራት የሌለበት ሜዳ መምረጥ ያሻል።

በዚያን ጊዜ ከእኛ ብዙዎቹ ከትምህርት ቤቱ ወጥተን ይሆናል። ቢሆንም ታናናሾቻችን ሰዓትና ደብተር ይዘው ወጥተው ደቂቃውን ይመዝግቡ፤ የምድርንም ስፋት ራሳቸው ይለኩ።