የመካ በርና ሚቃት፦ የጥንቷን ጅዳ ለሚጎበኝ ሐጀኛ

ጅዳ ‹‹የመካ በር›› ትባላለች። ኸሊፋ ዑስማን ኢብን ዐፋን (ረ.ዐ) በ26 ዓመተ ሒጅራ (647 እ.ኤ.አ.) በሹዐይባ ፋንታ የመካ ወደብ አደረጓት። ሹዐይባም የመጀመሪያዎቹ ሙሃጂሮች ወደ ሐበሻ የተሳፈሩባት ወደብ መሆኗን የሲራ ጸሐፍት ዘግበዋል። ሐጀኞች ለዘመናት ከመርከብ ወርደው በባብ መካ በኩል እየወጡ፣ በእግርና በግመል በበሕራ አድርገው 70 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዙ ነበር። በ2014 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገበው ጥንታዊው ሰፈር፣ አል-በለድ፣ የኮራል ድንጋይ ቤቶቹንና ‹‹ሮሻን›› የተባሉትን የእንጨት መስኮቶቹን ዛሬም ያሳያል።

ሰፈሩን ማየት መልካም ነው። መስአላው የሚነሣው ሐጀኛው ‹‹አስቀድሜ ልጎብኝ፣ ኢሕራሙን ከጅዳ አደርጋለሁ›› ሲል ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዙል-ሑለይፋን፣ ጁሕፋን፣ ቀርንንና የለምለምን ሚቃት አድርገው ሲወስኑ ጅዳ አልተጠቀሰችም። በእነዚህ ላይ የማያልፍ ሰው በትይዩነት (ሙሓዛት) ይመራል። ለዚህ መሠረቱ፣ የኢራቅ ሰዎች ቀርን ከመንገዳቸው የራቀች መሆኗን በነገሯቸው ጊዜ ዑመር (ረ.ዐ) ትይዩዋን እንዲመለከቱ አዝዘው ዛቱ ዒርቅን መወሰናቸው ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ ጅዳ የሚበር ሰው ከማረፉ በፊት የየለምለምን ትይዩ ያልፋል። ስለዚህ በብዙኃኑ ዑለማ ዘንድ ኒያውን ከዚያ በፊት ወይም እዚያው ሊያደርግ ይገባል፤ ሳያደርግ አልፎ በጅዳ ኢሕራም ያደረገ ደም (የእርድ ካሳ) አለበት። ኢሕራም ከማድረጉ በፊት ወደ ሚቃቱ ቢመለስ ግን ይድናል። ሸይኽ ዐብዱላህ ኢብን ዘይድ አል ማሕሙድና ሸይኽ ሙስጠፋ አዝ-ዘርቃ ለአየር ተጓዦች ጅዳን ፈቅደዋል፤ ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ በ1986 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው ግን የመጀመሪያውን አቋም ነው።

ሁለት ሁኔታዎች ይለያሉ። አስቀድሞ ወደ መዲና የሚሄድ ሰው ጅዳን ያለ ኢሕራም አልፎ ከዙል-ሑለይፋ ኢሕራም ያደርጋል። ለሥራ ጅዳ ገብቶ የሐጅ ወይም የዑምራ ሐሳብ እዚያው የመጣለት ደግሞ ካለበት ይጀምራል።

መምህራን ይህን ከጉዞው በፊት ሊያስተምሩ ይገባል፤ አውሮፕላኑ ካረፈ በኋላ የሚሰጥ ትምህርት ዘግይቷል። ኢሕራም ከተማን መጎብኘት አይከለክልም፤ በገበያው ያለ ሽቶ ሻጭ እጁን እንዲቀባው ግን ሐጀኛው መፍቀድ የለበትም። ሐጀኛው አል-በለድን በኢሕራም ልብስ፣ ተልቢያ እያለ ቢያያት፣ የቀደሙት ሐጀኞች ባለፉባት ሁኔታ ያያታል።