ዋጋው ባለበት ቆሟል፣ ሽሮው ግን ቀጥኗል



የሳምንቱን የሰሊጥ፣ የቡናና የቦሎቄ ዋጋ ከላይ ባለው ፖስት አስቀምጠናል። ይህ የቅዳሜ ጽሑፍ ደግሞ ስለ ምሳ ነው። አትሳቁ! ሜክሲኮ አካባቢ ካለው ቢሯችን እየወጣሁ ምሳ የምበላባቸው ቤቶች ስለ ገበያ ብዙ ነገር ይነግሩኛል። አንድ ሳህን ሽሮ ላይ ጤፍ አለ፣ ሽምብራ አለ፣ በርበሬ፣ ሽንኩርትና ዘይት አለ። ዘይቱ በአብዛኛው ከውጭ የሚገባ ፓልም ስለሆነ ዶላርም ሳህኑ ላይ አለ ማለት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ነገሩ ያልተሰማው ምሳ ቤት አላውቅም።

ምሳ ቤት ወጪ ሲጨምርበት ያለው ምርጫ ሁለት ነው። አንዱ ሜኑው ላይ ያለውን ቁጥር መቀየር፣ ሌላው ቁጥሩን ትቶ ሳህኑን መቀየር። ቁጥሩ ሲቀየር ሁሉም ያያል፣ ሁሉም ያማርራል። ሳህኑ ሲቀየር ግን ቀስ እያለ ነው። እንጀራዋ ታንሳለች፣ ሽሮው ላይ ውሃ ይበዛል፣ የሽምብራው ድርሻ ቀንሶ የጓያው ይጨምራል፣ ጤፉ ውስጥ ሩዝ ይገባል። ዋጋው ያው ነው፤ የወረደው ደረጃው ነው። ይህን ደግሞ የእህል ነጋዴ ሳይነገረው ያውቀዋል።

ቡና ሲመረመር ከ100 ነጥብ 40ው ለጥሬው፣ 60ው ለቅምሻው እንደሚሰጥ ታውቃላችሁ። እኔም ምሳ ቤቶቹን በዚሁ ዓይነት ነው የማያቸው። 40ው ለሚታየው፦ ለእንጀራው ዓይንና መልክ፣ ለወጡ ውፍረት፣ ለንጽሕናው። 60ው ለጣዕሙና ለማጥገቡ። ዋጋቸውን በብር አልጽፍም፤ ይህን ስታነቡ ሊቀየር ይችላል። የርካሹን ቤት ምሳ 100 እንበለው። በዚያ ስሌት መካከለኛው 130፣ መስታወቱ የሚያብለጨልጨው 200 ይሆናል።

ከመስታወቱ ቤት እንጀምር። ሽሮው ጥሩ ነው፤ ግን ከመካከለኛው ቤት ሽሮ አይበልጥም። ልዩነቱ የኪራይ፣ የወንበርና የዋይፋይ ነው። እንግዳ ይዛችሁ ከመጣችሁ ያዋጣል፤ ለየቀኑ ምሳ ግን ማሸጊያውን እየገዛችሁ ነው።

ርካሹ ቤት ደግሞ እንጀራው ሩዝ አለበት፣ ሰባት ሰዓት ሳይሞላ ይደርቅና ይሰባበራል። ወጡ ቀጭን ስለሆነ እንጀራው ቶሎ ያልቅና ጭማሪ ታዝዛላችሁ፤ ጭማሪው ይከፈልበታል፣ በእኔ ስሌት 20። አስር ሰዓት ላይ ሆድ ይጮኻል፤ ሳንቡሳና ሻይ፣ ሌላ 25። ሲደመር 145። መካከለኛው ቤት 130 ነበር። ታዲያ የቱ ነው ርካሽ?

ይህንን ስሌት ወደ መጋዘን ውሰዱት። ለምሳሌ አንዱ አቅራቢ ሰሊጥ በኩንታል 10,000 ብር አቀረበላችሁ፣ ባዕድ ነገሩ 5 በመቶ ነው። ሌላው 10,400 ብር አለ፣ ባዕድ ነገሩ 1 በመቶ። የመጀመሪያው ንጹሕ ኪሎው 105 ብር ከ26 ሳንቲም ይመጣል፤ የሁለተኛው 105 ብር ከ5 ሳንቲም። ይህ የማበጠሪያው፣ የጉልበቱና አፈር ጭኖ የማጓጓዙ ወጪ ሳይታሰብ ነው። ታዲያ ስንቶቻችን ነን 10,000 የሚለውን ስንሰማ ስልኩን ዘግተን ሄደን የምንጭነው?

የመካከለኛው ቤት ባለቤት ሴት ናቸው፣ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። ጤፍ ከእህል በረንዳ ራሳቸው አይተው ይገዛሉ፤ ማኛ ሲወደድ ወደ ሰርገኛ ይወርዳሉ እንጂ ሩዝ አይቀላቅሉም። በርበሬያቸውን ራሳቸው ቀንጥሰው ያስፈጫሉ። ዋጋ የጨመሩ ሰሞን ቤቱ ጭር ብሎ አየሁና ጠየቅኳቸው።

«ልጄ፣ ዋጋ ስጨምር ደንበኛ ይሸሻል። ሽሮዬን ባቀጥን ደግሞ ስሜ ይሸሻል። ደንበኛስ ሲርበው ይመለሳል» አሉኝ።

የተመለሰ አለ፤ ያልተመለሰም አለ። ያልተመለሱት ሁሉ ጥራት የማይገባቸው አይደሉም። ደመወዙ በ20ዎቹ ቀን ላይ ያለቀበት ሰው 130ውን ከየት ያመጣል? እሱ ምሳ ዕቃውን ይዞ ይመጣል፣ ወይም መሥሪያ ቤቱ ክበብ ካለው እዚያ ይበላል፤ ክበብ ብዙ ጊዜ የቤት ኪራይ ስለሌለበት ይረክሳል። ርካሹም ቤት ቢሆን ሩዝ መቀላቀሉ በራሱ ነውር አይደለም። «ሩዝ አለበት» ብሎ ቢጽፍ ሐቀኛ ሁለተኛ ደረጃ ምርት ነው። ጥፋቱ የሰርገኛውን ስም ለቅይጡ መስጠቱ ላይ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላው ነው። ሁላችንም ቁጥሩን ብቻ አይተን ወደ ርካሹ ከጎረፍን፣ እትዬም አንድ ቀን ይሰለቻሉ። ወይ ቤቱን ይዘጋሉ፣ ወይ እሳቸውም ውሃውን ይጨምራሉ። ከዚያ በኋላ ጥሩ ሽሮ በ150ም ፈልገን አናገኝም።

ዩኒየኖቻችን ላይ የሚደርሰውም ይኸው ነው። ገበሬው ቀዩን የቡና ፍሬ ብቻ እየመረጠ ሲለቅም ተጨማሪ የሥራ ቀናት ያወጣል። ማዕከሉ ላይ አረንጓዴ ከቀላቀለው ጎረቤቱ ጋር እኩል ዋጋ ከተሰጠው፣ በሚቀጥለው ዓመት ለምን ይለፋል? ላኪው ደግሞ በኋላ «ጥራት ወረደ» ብሎ ያማርራል። ያወረደው ግን ልዩነቱን ያልከፈለው ገዢ ነው።

ስለዚህ በዚህ ወቅት ስትገዙ ሦስት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ናሙና ጠይቁ። ሁለተኛ፣ በኩንታል ሳይሆን በንጹሕ ኪሎ አስሉ። ሦስተኛ፣ ለተሻለው የጨመራችሁትን ብር በደረሰኙ ላይ ለብቻው አስጽፉት፤ ዩኒየኑ ለአባላቱ «ይህች ብር የመጣችው በመልቀማችሁ ነው» ብሎ የሚያሳየው ነገር ይኑረው።

በናንተ አካባቢ ለጥራት የሚከፈለው ልዩነት ስንት ነው? ምርቱን፣ ወረዳውንና ልዩነቱን በኮሜንት ጻፉልን፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰብስበን እናቀርበዋለን።

መልካም ሰንበት፣ መልካም ገበያ!