መሬት ላላገኙ ጐልማሶች የተሰጠ ተራራ

አባት ለልጁ ምን ያወርሰዋል ተብሎ ሲጠየቅ፥ የአገራችን ገበሬ መልስ ከጥንት ጀምሮ አንድ ነበር፤ ይኸውም መሬት ነው። ዛሬ ግን ይህ መልስ በብዙ ቤት ጐድሎ ይገኛል። በትግራይ ደጋ የሚኖር ገበሬ ይዞታው ብዙውን ጊዜ አንድ ሄክታር እንኳ አይሞላም፤ ልጆቹ ግን አራትና አምስት፥ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ ናቸው። በ1987 ዓ.ም. በወጣው ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ሆኖ አይሸጥም አይለወጥም ስለ ተባለ፥ ጐልማሳው ገንዘብ ቢያገኝ እንኳ ከጎረቤቱ ሊገዛው አይችልም። እኔ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት በኖርሁበት ዘመን ወንድም ወንድሙን ስለ አንዲት ጥማድ እርሻ የከሰሰበትን መዝገብ ስንት ጊዜ እንደ ገለበጥሁ ቈጥሬው አላውቅም።

በዚህ ላይ ደግሞ የሰማዩ ጠባይ ተለውጧል። ዓለሙ ሁሉ እየሞቀ በመሄዱ ዝናቡ በወራቱ አይመጣም፤ በመጣም ጊዜ በአንድ ቀን ወርዶ አፈሩን ጠርጎ ይሄዳል። የ2007 ዓ.ም. ክረምት በሰሜንና በምሥራቅ እንዴት እንደ ከሸፈ ብዙ ሰው ያስታውሰዋል። እንዲህ ባለ ጊዜ ከአባቱ ቤት የተቀመጠ ጐልማሳ ዐይኑ የሚያርፈው በባሕሩ መንገድ ላይ ነው፤ በጂቡቲ በኩል ወደ የመን፥ ከየመንም ወደ ሳዑዲ ዐረብ። እናቱም ለደላላው የሚሰጥ ገንዘብ ለማግኘት ላሟን ትሸጣለች።

እንግዲህ በትግራይ የተሞከረው ነገር ልብ ሊባል የሚገባው ስለዚህ ነው። ሕዝቡ በየዓመቱ በበጋ 20 ቀን ያለ ደመወዝ እየወጣ፥ የተራቈተውን ተራራ በድንጋይ እርከን ያስረው፥ ቦረቦሩን በክትር ይዘጋው ነበር። ከዚያ በኋላ ከብትና ምሳር እንዳይገባበት ከተከለለው ተራራ ላይ መሬት የሌላቸው ወጣቶች በማኅበር ተደራጅተው ድርሻ እንዲወስዱ ተደረገ። ሣሩን በማጭድ አጭደው ለከብት መኖ ይሸጣሉ፤ ችግኝ ይተክላሉ፤ ንብ ያረባሉ። በዘመኑ አነጋገር አረንጓዴ ሥራ የሚባለው ይህ ነው። በ2009 ዓ.ም. መጨረሻ የትግራይ ክልል ምድረ በዳነትን ለመከላከል በሚወጡ ሕጎች መካከል ለሚሰጠው የዓለም ሽልማት ወርቁን ያገኘው፥ የሕዝቡ የፈቃድ ሥራና የወጣቶቹ ተካፋይነት ተመስክሮለት ነው። በውቅሮ አጠገብ ያለችው የአብርሃ ወአጽብሓ መንደርም፥ በአንድ ወቅት ድርቁ ከመጽናቱ የተነሣ ነዋሪዋ ወደ ሌላ አገር ይዛወር እስከ መባል ደርሳ ሳለ፥ በ2004 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የልማት ድርጅት የሚሰጠውን የኤኳተር ሽልማት ለመቀበል በቅታለች።

ከሥራዎቹ ሁሉ ለቤተ ሰብ የሚመቸው በእኔ አስተያየት የንብ ርባታ ነው። ንብ እርሻ አይጠይቅም፤ የሚፈልገው አበባና ውሃ ነው፤ ከብት ያልረገጠው ተራራም አበባ አይነሣውም። ተራራው በተከለለ ጊዜ ጠበብ የሚባለው ቍጥቋጦ ይበቅላል፤ የትግራይ ማር እንደ ቅቤ የሚነጣው በዚሁ አበባ ነው። በጭቃና በእበት ከተሠራው ከጥንቱ ቀፎ በዓመት አምስት ኪሎ ያህል ማር ቢገኝ፥ በደንብ ከተጠበቀው የሳጥን ቀፎ 15 ወይም 20 ኪሎ ይገኛል፤ የማር እንጀራው ሳይፈርስ ማሩ ብቻ በሚሽከረከር መኪና ወጥቶ ባዶው ተመልሶ ለንቦቹ ይሰጣልና። ቀፎው በቤት አጠገብ ስለሚቀመጥ ሴት ልጅም እንደ ወንድሟ ልትይዘው ትችላለች። ድካም የለውም ማለት ግን አይደለም፤ በድርቅ ወራት ንቡን በበሶ፥ በሽሮና በስኳር ውሃ መመገብ ያስፈልጋል፤ ይህንም ቸል ያለ ሰው ንቡ ጥሎት ይሄዳል።

ነገር ግን አንድ ያልተፈታ ጉዳይ አለ። በእርከኑ የታገደው ዝናብ ወደ ምድር ሰርጎ በቈላው ሜዳ ላይ ምንጭ ሆኖ ይወጣል፤ የጕድጓዱም ውሃ ይጨምራል። የተራራውን ድንጋይ የሚደረድሩት መሬት የሌላቸው ልጆች ናቸው፤ በውሃው አትክልት የሚያለሙት ግን ሜዳው ያላቸው አባቶች ናቸው። የይስሐቅና የጌራራ እረኞች የተጣሉት በጕድጓድ ምክንያት መሆኑን የተማረ ሰው ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ከውሃው የሚገኘው ጥቅም በከፊል ወደ ላይኛው ማኅበር የሚመለስበት ደንብ በጽሑፍ ቢደረግ፥ የተራራውም ድርሻ ለምን ያህል ዘመን እንደ ተሰጠ በግልጽ ቢጻፍ፥ ጠቡ ሳይጀመር ይቀራል። ጽሑፍ የሌለው ድርሻ ሹም በተለወጠ ቍጥር ይጠየቃል፤ ወይራ የተከለ ሰው ደግሞ የሚጠብቀው ብዙ ዓመት ነው።

ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በትግራይ የነበረው ጦርነት ይህን ሥራ እጅግ ጐዳው። በብዙ ቦታ ቀፎው ተሰበረ፤ መብራትና ነዳጅ በታጣ ጊዜም ሰው ምግቡን ለማብሰል የተከለለውን ዛፍ ቈረጠ፤ በዚህም ሊፈረድበት አይገባም። አሁን የሚጠየቀው ልጁን በቤቱ ለማቈየት የሚፈልግ አባት ከየት ይጀምር የሚለው ነው። ዛፉ እስኪመለስ ዓመታት ያልፋሉ፤ ሣሩና ጠበቡ ግን ከብት ከተከለከለ በአንድ ክረምት ይነሣሉ። ጠበቡ የሚያብበው ክረምቱ ሊያልቅ ሲቃረብ፥ ማሩም የሚቈረጠው በጥቅምትና በኅዳር ስለ ሆነ፥ ላሟን ለደላላው ልትሸጥ ያሰበች እናት ብትኖር፥ ሣጥኑንና የንቡን መንጋ ከሰኔ በፊት ገዝታ ለልጇ ብትሰጠው በዚያው ዓመት መኸር ዋጋውን ለማየት ትችላለች።